ሕግ ለመማር ወሎ ዩኒቨርሲቲ ወይስ ደብረ ብርሃን? ለደሴና ለኮምቦልቻ ተማሪዎች የንጽጽር መመሪያ

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን ደሴ ላይ አንድ ጥያቄ ከቤት ቤት ይዞራል። ልጁ ፈተናውን አልፏል። ሕግ መማር ይፈልጋል። የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ሊሞላ ነው። ማንን ያስቀድም? ባሕር ዳርና ጎንደር ቀድመው ይነሣሉ፤ ስለ እነሱ ወሬው ብዙ ነው። ልጆቹ የሚደናገሩት ከዚያ ቀጥሎ ነው። ወሎ ይቅደም ወይስ ደብረ ብርሃን?

እኔ የምተዳደረው እዚሁ ደሴ በጥብቅና ነው። ለኤክስተርንሺፕ፣ ማለትም ለተግባር ልምምድ፣ የሚመጡ የሕግ ተማሪዎች ቢሮዬ ይቀመጣሉ። ወላጆችም መንገድ ላይ አስቁመው ይጠይቁኛል። ለአንዱ በጥድፊያ የምነግረውን ለሌላው ስለምረሳው፣ ይኸው አንድ ላይ ጻፍኩት።

ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች በብዙ ነገር መንታ ናቸው። ሁለቱም በ1999 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ከጀመሩት፣ «ሁለተኛ ትውልድ» ከምንላቸው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ናቸው። ሁለቱም አማራ ክልል ውስጥ፣ ያውም በአንድ አውራ ጎዳና ላይ ይገኛሉ። ከደሴ ተነሥታችሁ ሐረጎን ትወርዳላችሁ፤ ኮምቦልቻን፣ ከሚሴን፣ ሸዋ ሮቢትን አልፋችሁ ጣርማበርን ስትወጡ ደብረ ብርሃን ደረሳችሁ ማለት ነው። ሁለቱም ከተሞች ብርዳም ናቸው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ትብሳለች። የደሴ ልጅ ጋቢውን ይዞ ከሄደ ይለምደዋል። የኮምቦልቻ ልጅ ግን የትም ቢሄድ የመጀመሪያውን ክረምት ይንቀጠቀጣል።

ሕግ ገና አልተመረጠም

ብዙ ቤተሰብ የሚዘነጋው ነገር አለ። ትምህርት ሚኒስቴር የሚመድባችሁ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሕግ ትምህርት ቤት የምትገቡት ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ በማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ ገብታችሁ የፍሬሽማን፣ ማለትም የመጀመሪያ ዓመት፣ ኮርሶችን ትወስዳላችሁ። ዲፓርትመንት ስትመርጡ ደግሞ ሕግ ብዙ ጊዜ ተፈላጊ ስለሆነ ውድድር አለበት። ቦታው ውስን ነው። የሚለየው የፍሬሽማን ውጤትና የ12ኛ ክፍል ነጥብ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ሕግ ትምህርት ቤቱ ጥሩ ነው ወይ?» ከመሆኑ በፊት «በዓመት ስንት ተማሪ ይቀበላል? ባለፈው ዓመት ስንተኛ ውጤት ላይ ቆረጠ?» ይሁን። ይህን ባለፈው ዓመት የገባ ማንኛውም ልጅ ይነግራችኋል። ውጤቱ መካከለኛ ለሆነ ተማሪ ይህ ብቻውን ምርጫውን ሊወስንለት ይችላል። ስሙ የሚበልጥ ግቢ ገብቶ ሕግን ከማጣት፣ ሕግ የሚደርሰው ግቢ መግባት ይሻላል። ሕግ የተመኘ ልጅ ሳይወድ ሌላ ዲፓርትመንት ሲገባ ምን ያህል እንደሚጎዳ አይቻለሁ። ፍሬሽማንን «ገና ነው» ብላችሁ ዘና የምትሉ ልጆች፣ እባካችሁ አትዘናጉ። ሕግ የሚታጣው ያን ጊዜ ነው።

አንድ የሆነው

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። የሕግ ዲግሪው ሁለቱም ጋ አምስት ዓመት ነው። ሥርዓተ ትምህርቱ አገር አቀፍ ነው። በ1998 ዓ.ም. ከተደረገው የሕግ ትምህርት ማሻሻያ ጀምሮ ምስለ ችሎት (ተማሪዎች እንደ ጠበቃ የሚከራከሩበት የልምምድ ችሎት)፣ ኤክስተርንሺፕ፣ የነፃ ሕግ ድጋፍ ክሊኒክና የመመረቂያ ጽሑፍ የትምህርቱ አካል ናቸው። ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነው። መጨረሻ ላይ ሁሉም ያንኑ የመውጫ ፈተና ይፈተናል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። የወጪ መጋራቱም፣ ካፌና ነን ካፌውም (ግቢ መብላት ወይም ብሩን ተቀብሎ ውጭ መብላት) ያው ነው።

ከምረቃ በኋላም ዲግሪው እኩል ነው። የክልል የጥብቅና ፈቃድ የሚሰጠው የክልሉ ፍትሕ ቢሮ፣ የፌዴራሉን የሚሰጠው ፍትሕ ሚኒስቴር ከየት ተመረቅህ ብለው አይለዩም። ለዳኝነትም ለዓቃቤ ሕግነትም መግቢያው ውድድር ነው። «የእገሌ ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ሥራ ያስገኛል» የሚላችሁ ሰው ካለ፣ ማስረጃውን ጠይቁት።

ልዩነቱ ከግቢው አጥር ውጭ ነው

የሕግ ተማሪ ግማሹን ትምህርት የሚማረው ችሎት ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ የተከሰሰ ሰው ጉዳዩ ለሕዝብ ግልጽ በሆነ ችሎት ይሰማ ይላል። በዝግ ይታይ ካልተባለ በቀር ማንም ተማሪ ደብተሩን ይዞ ገብቶ መቀመጥ ይችላል። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲውን ስትመርጡ፣ በዙሪያው ያለውን ፍርድ ቤትና የሚመጣበትን የጉዳይ ዓይነትም እየመረጣችሁ ነው።

ደሴ የደቡብ ወሎ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት መቀመጫ ናት። ከዞኑ ወረዳዎች ይግባኙ ወደዚህ ይመጣል። ከዚያ ውስጥ ትልቁን ቦታ የሚይዙት የገጠር መሬትና ውርስ ናቸው። ወንድማማቾች የአባታቸውን ይዞታ ይካሰሳሉ። ባልና ሚስት ሲፋቱ መሬቱ እንዴት ይካፈል ይባላል። በሽማግሌ ታርቆ ያለቀ የመሰለ ነገር ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ይመጣል። የመሬት ሕግን መማር የሚፈልግ ልጅ ከዚህ የተሻለ መማሪያ አያገኝም።

ሌላው ለወሎ የተለየ ነገር የሸሪዓ ፍርድ ቤት ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ፣ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲታይ በር ከፍቷል። ደሴ ላይ ይህ በየቀኑ የሚሠራ ነገር ነው። ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ውርስ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ይታያል። «ፈቃድ ሰጥቻለሁ»፣ «አልሰጠሁም» የሚለው ክርክር ደግሞ ራሱን የቻለ የሕግ ጉዳይ ነው። በመጽሐፍ ሁለት መስመር የሆነውን ነገር እዚህ ሰዎች ሲከራከሩበት ታያላችሁ። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የጨነቀው የወሎ ተማሪ ካለ፣ እባክህ ሩቅ አትሂድ።

ከዚያ ኮምቦልቻ አለች። ሐረጎን ወርዶ 25 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራ ፋብሪካው፣ ደረቅ ወደቡ፣ ጉምሩኩ እዚያ ነው። ይህ ማለት የአሠሪና ሠራተኛ ክርክር፣ ያለአግባብ ከሥራ መሰናበት፣ የጉዳት ካሳ፣ የኮንትሮባንድ ክስ ማለት ነው። የሥራ ሕጉን፣ አዋጅ 1156/2011ን፣ ክፍል ውስጥ አንብቦ ከዚያ የፋብሪካ ሠራተኛ ሲከራከርበት መስማት ሌላ ነው። የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ደርቦ ይሠራል። የፌዴራል ጉዳይ ለማየት አዲስ አበባ መሄድ ግድ አይደለም።

ደብረ ብርሃንስ? የሰሜን ሸዋ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት አለ፤ በውክልና የሚያየው ሥልጣንም ያው ነው። የመሬት ጉዳይ እዚያም ሞልቷል። ከተማዋ በፋብሪካ ብዛት ከኮምቦልቻ ጋር የምትፎካከር ናት። ብርድ ልብስ ፋብሪካው የድሮ ነው፤ ቢራው፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ተጨምሯል። ለአዲስ አበባ ቅርብ ስለሆነች ባለሀብት ይጎርፍባታል። በዚያው ልክ የኢንቨስትመንት መሬት፣ የካሳ፣ የውልና የንግድ ክርክር ይኖራል። በንግድና በውል ሕግ ልቡ የተሳበ ተማሪ እዚያ የሚያየው አያጣም። ተፈናቃዮች የተጠለሉባት ከተማም ስለሆነች፣ ለነፃ ሕግ ድጋፍ የሚመጣው ሰው ችግር የተለየ ነው። መታወቂያ የጠፋበት፣ የልደት ማስረጃ የሌለው፣ ንብረቱ ሌላ ክልል የቀረበት ሰው ይመጣል። ለሰብዓዊ መብት ሥራ የሚያስብ ልጅ ይህን በቀላሉ አይለፈው።

130 ኪሎ ሜትር

የደብረ ብርሃን ትልቁ ብልጫ ይህ ነው። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከደሴ ግን 400 ገደማ ነው። ጠዋት ከደብረ ብርሃን የተነሣ ተማሪ ልደታ ሄዶ የፌዴራል ችሎት ታድሞ ማታ ዶርሙ ሊገባ ይችላል። የመጨረሻ ውሳኔ ላይ ያለ የሕግ ስህተት የሚታረምበት ሰበር ሰሚ ችሎቱም፣ ትልልቅ የሕግ ቢሮዎችም፣ ዓለም አቀፍ ድርጅቶችም ያሉት እዚያ ነው። ኤክስተርንሺፕ አዲስ አበባ ለመውጣት የሚፈልግ፣ ዘመድ ቤት ማደሪያ ያለው ልጅ ከደብረ ብርሃን ይቀለዋል። ከደሴ ይህን ለማድረግ የአንድ ቀን መንገድና ማደሪያ ይጠይቃል።

ነገር ግን ቅርበቱን የሚጠቀምበት ስንቱ ነው? ይህን በደንብ ጠይቁ። ትምህርት ቤቱ ተማሪዎችን አደራጅቶ የሚወስድ ከሆነ ትልቅ ነገር ነው። ካልሆነ 130 ኪሎ ሜትሩ ለሰንበት ሽርሽር ብቻ ይሆናል።

ግቢ ውስጥ ምን ትጠይቃላችሁ

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡኝ፤ ምርጫው የሚወሰነው እዚህ ነው።

ተማሪ ቢሮዬ ሲመጣ መጀመሪያ የማደርገው ነገር አለ። የቆየ የፍቺ መዝገብ ግልባጭ አውጥቼ፣ ስሞቹን አጥፍቼ እሰጠዋለሁ። «የትኛውን ሕግ ታወጣለህ?» እለዋለሁ። ብዙዎቹ ወዲያው የፌዴራሉን የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213/1992ን ይገልጣሉ። ክፍል ውስጥ የተማሩት እሱን ነው። ደሴ ላይ ግን የሚሠራው የክልሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 79/1995 ነው። ክርክሩ መሬት ከነካ ደግሞ የክልሉን የገጠር መሬት አዋጅ 252/2009 ማውጣት አለበት። ዝክረ ሕግን፣ የክልሉ አዋጆች የሚታተሙበትን ጋዜጣ፣ የሚያውቅ፣ «የክልሉ የት አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ሲመጣ ደስ ይለኛል። ያ ልጅ ከጎበዝ መምህር እጅ እንደወጣ ወዲያው ይታወቀኛል።

ሁለተኛው ነገር ጽሑፍ ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ ፍርድ ቤቱ በአማርኛ ነው። አምስት ዓመት በእንግሊዝኛ ሲጽፍ የኖረ ተማሪ የክስ ማመልከቻ በአማርኛ አዘጋጅ ሲባል ይጨንቀዋል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 222 ክሱ ምን ምን መያዝ እንዳለበት ይዘረዝራል። ቁጥር 234 ለመልስ እንደዚሁ። ተማሪው ዝርዝሩን በቃሉ ሊወጣው ይችላል። አንድ ገጽ ተኩል በንጹሕ አማርኛ፣ ፍሬ ነገሩን ከዳኝነት ጥያቄው ለይቶ መጻፍ ግን የልምምድ ነገር ነው። ስለዚህ የሁለቱንም ግቢ ተማሪዎች ይህን ጠይቁ፦ «በአማርኛ ክስ፣ መልስ፣ ይግባኝ ጽፋችሁ መምህር አርሞላችሁ ያውቃል? ስንት ጊዜ?» በየሴሚስተሩ ከተባላችሁ ያንን ትምህርት ቤት አጥብቃችሁ ያዙ። «አንድ ጊዜ ለግሬድ» ከተባላችሁ የቀረውን ራሳችሁ መሙላት አለባችሁ ማለት ነው።

ከዚያ ነፃ ሕግ ድጋፍ ማዕከሉን ጠይቁ። መኖሩን አይደለም። ተማሪው ከባለጉዳይ ጋር ቁጭ ብሎ ያወራል ወይ? አቤቱታውን የሚጽፈው እሱ ነው ወይስ መምህሩ ጽፎ እሱ ኮፒ ያደርጋል? ማዕከሉ ግቢ ውስጥ ነው ወይስ ፍርድ ቤት አጠገብ ዴስክ አለው? አቅም የሌላት እናት ልጇን ይዛ ፊቱ ቁጭ ስትል ቀለብ እንዴት እንደሚጠየቅ የተማረ ልጅ፣ በመጽሐፍ ብቻ ከተማረው ይለያል።

ስለ መምህራን ስትጠይቁ ስንት ናቸው የሚለው ብዙ አይነግራችሁም። ስንቶቹ በሥራ ላይ እንዳሉ ጠይቁ። በሁሉም ዩኒቨርሲቲዎች ለትምህርት ወጥተው ስማቸው ብቻ የቀረ መምህራን አሉ። ሥነ ሥርዓት ሕግን፣ የማስረጃ ሕግን ማን ያስተምራል? ችሎት ቆሞ ያውቃል ወይ? እነዚህ ሁለት ኮርሶች ጥሩ መምህር ካጡ ተማሪው ሥራ ላይ ይቸገራል።

ላይብረሪ፦ የሰበር ውሳኔዎች ቅጾች በተሟላ ሁኔታ አሉ ወይ? ከ20 ቅጽ በላይ ታትሟል። በአዋጅ 454/1997፣ አሁን ደግሞ በአዋጅ 1234/2013 መሠረት የሰበር ትርጉም በየትኛውም ደረጃ ያለን ፍርድ ቤት ይገዛል። ሰበር የማያነብ የሕግ ተማሪ ሕጉን በግማሽ ነው የሚያውቀው። ወሎን በተመለከተ አንድ ነገር ማስታወስ ፍትሐዊ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲያዙ ዩኒቨርሲቲው ተዘርፏል፣ ወድሟል። እንደገና ነው የተነሣው። ስለዚህ የኮምፒዩተር ክፍሉንና ላይብረሪውን በዓይናችሁ እዩ፤ ደሴ ናችሁ፣ ሩቅ አይደለም። የድሮ ወሬም፣ የድሮ ዝናም ዛሬ ያለውን አይነግራችሁም።

ምስለ ችሎት ደግሞ የትምህርት ቤቱን ወኔ ያሳያል። በዓመት አንዴ ለወጉ ይደረጋል ወይስ ቡድን አሠልጥነው ለውድድር ይልካሉ? ውድድር የወጣ ተማሪ ቆሞ መናገር አይፈራም። ቢሮዬ ሲገባ ገና ሰላም ሲለኝ አውቀዋለሁ።

የመውጫ ፈተናውን ቁጥር እንዴት እንደምታነቡ

የሕግ ተማሪዎች የመውጫ ፈተናን ከሌላው ቀድመው ነው የለመዱት። በ2015 ዓ.ም. ግን ለሁሉም ሆነ፤ ያላለፈ ዲግሪውን አይወስድም። ስለዚህ «ከተፈተኑት ስንቱ አለፉ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ነገር ግን የአንድ ዓመት ቁጥር አያታላችሁ። ባቹ ትንሽ ከሆነ አምስት ልጅ ሲወድቅ መቶኛው ይወርዳል። የሦስት ዓመት ጠይቁ። በመጀመሪያ ሙከራ ያለፉትን ከደጋሚዎቹ ለዩ። በተጨማሪ ትምህርት ቤቱ ለፈተናው ምን ያዘጋጃል በሉ። አንዳንድ ቦታ አምስተኛ ዓመት ሙሉ የሚሸመደደው የድሮ ጥያቄ ነው። ያ ፈተና ያሳልፍ ይሆናል፣ ጠበቃ ግን አያደርግም።

ቤት ወይስ ዶርም

የደሴ ልጅ ወሎን ሲመርጥ ቤተሰብ የሚለው የታወቀ ነው። «አብሽር፣ ቤትህ አለህ፣ የእናትህን እንጀራ እየበላህ ትማራለህ።» እናት ደስ ይላታል። ወጪው ይቀንሳል። ልብስ ማጠቢያ፣ ሳሙና፣ ካርድ፣ የመንገድ ብር ሲደመር ትንሽ አይደለም። ይህን አልንቅም። ነን ካፌ ሆኖ ቤት መብላት ለብዙ ቤት እውነተኛ እፎይታ ነው።

ግን ቤቱን እወቁት። ሱቅ ያለበት ቤት ከሆነ ልጁ ከክፍል ሲመለስ ሱቅ ይቀመጣል። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ጓዳው ይጠብቃታል። እንግዳ ሲመጣ ቡና የምታፈላው እሷ ናት፤ ለቅሶ ሲኖር የምትሄደው እሷ ናት። የሕግ ትምህርት ንባብ ነው። በሳምንት የሚሰጠው የንባብ ብዛት ማታ ማታ ሦስት አራት ሰዓት ጸጥታ ይፈልጋል። ዶርም ውስጥ ያሉት ጓደኞቿ ላይብረሪ ተቀምጠው ሲከራከሩ እሷ ሽንኩርት ትከትፋለች። ይህን ለአንድ ጎረቤቴ ስነግራቸው «እንዴ፣ እሷ እኮ ሥራም ትሠራለች፣ ትማራለችም» አሉኝ። «እትዬ፣ ለሁለተኛ ደረጃ አዎ። ለሕግ ግን ማታውን ስጧት» አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው፣ በኋላ «እሺ፣ ዶርም ትያዝ፣ ቅዳሜ ትምጣ» አሉ። እኔም የምመክረው ይህንኑ ነው። ወሎን ብትመርጡም ዶርም ግቡ፤ ቅዳሜና እሑድ ቤት ኑ።

ለኮምቦልቻ ልጆች ደግሞ፦ በየቀኑ ሐረጎን እየወጡ መመላለስ ይቻላል። ታክሲው አይጠፋም። ግን ጉም ሲወርድ፣ ክረምት ሲሆን፣ ታክሲ ወረፋ ላይ ቆማችሁ የጠዋት ክፍል ያመልጣችኋል። አትሞክሩት። የኮምቦልቻው ግቢ የቴክኖሎጂ ነው፤ ሕግ የሚሰጠው ደሴ ነው።

ቤቱ ለማጥናት ከቶ የማይመች ከሆነ፣ ወይም ልጁ ሰፈር ውስጥ አብሮት የሚውለው ሰው የሚያሳስብ ከሆነ፣ ደብረ ብርሃን ያኔ በግልጽ ይሻላል። ርቀቱ ራሱ ይጠቅመዋል።

መንገዱ

ከደሴ ደብረ ብርሃን 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በደህና ጊዜ ጠዋት ተነሥቶ ከሰዓት መድረስ ነው። ችግሩ ጊዜው ሁልጊዜ ደህና አለመሆኑ ነው። በአጣዬና በሸዋ ሮቢት በኩል መንገድ የተዘጋባቸውን፣ ተማሪ መንገድ ላይ የቀረባቸውን ጊዜያት ሁላችንም እናስታውሳለን። ልጃችሁ እዚያ ከገባ ለበዓል ሁሉ ይመጣል ብላችሁ አትጠብቁ። አዲስ አበባ ዘመድ ካለ አጭር ዕረፍቱን እዚያ ያሳልፍ፤ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ቅርብ ነው። ይህን ቀድማችሁ ከዘመዱ ጋር ተነጋገሩ፤ ስልክ ደውሎ «መጣሁ» ማለት ከባድ ነው።

እኔ ብጠየቅ

ወሎ ውስጥ ዳኛ፣ ዓቃቤ ሕግ ወይም ጠበቃ ሆኖ መኖር ለሚፈልግ ልጅ ወሎ ዩኒቨርሲቲን አስቀድም እላለሁ፤ ሳላመነታ። አምስት ዓመት ሙሉ የሚያውቀው ችሎት፣ ስሙን የለዩት የመዝገብ ቤት ሠራተኞች፣ ለኤክስተርንሺፕ የተቀመጠበት ቢሮ በኋላ ሥራ ሲጀምር ይጠቅሙታል። ሸሪዓውን፣ መሬቱን፣ የኮምቦልቻን ፋብሪካ ሁሉ በእግሩ የሚያዳርስበት ከተማ ነው። ባለጉዳዩ የሚናገረውን የወሎ አማርኛ ያውቃል፤ አገሩንም ያውቃል።

አዲስ አበባን፣ የንግድ ሕግን፣ የፌዴራል ጥብቅናን ለሚያልም ልጅ ደብረ ብርሃን ይሻላል። ግን ራሱን የሚያንቀሳቅስ ልጅ መሆን አለበት። ማንም እጁን ይዞ ልደታ አይወስደውም። ደብዳቤ አጽፎ፣ ቢሮ አንኳኩቶ፣ «ለሁለት ወር ተቀበሉኝ» የሚል ድፍረት ይፈልጋል። ይህ ጠባይ ከሌለው 130 ኪሎ ሜትሩ ምንም አያደርግለትም፤ እዚሁ ቢማር ይሻለዋል።

ምን እንደሚፈልግ ገና ያላወቀ ልጅስ? አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው፤ 18 ዓመቱ ነው፣ አይፈረድበትም። ለእሱ የምለው ከላይ ያነሣኋቸውን ጥያቄዎች ጠይቅና፣ ተማሪ ብዙ ክስ የሚጽፍበትን፣ ሕግ የመግባት ዕድልህም የሚሰፋበትን ምረጥ ነው። ሁለቱ እኩል ከሆኑብህ ወሎን አስቀድም፤ የመንገዱ ጉዳይ ይመዝናል።

ጥያቄዎቹን ማንን ትጠይቃላችሁ? የትምህርት ቤቱ ኃላፊ መልካሙን ይነግራችኋል፤ ሥራው ነው። የፍሬሽማን ተማሪ ገና አያውቅም። አራተኛና አምስተኛ ዓመት ሕግ ተማሪ ፈልጉ፤ ኤክስተርንሺፕ ወጥቶ የተመለሰ ቢሆን ይመረጣል። ወሎን ለመጠየቅ ደሴ ፍርድ ቤት ደጅ አንድ ጠዋት መዋል ይበቃል፤ ኮት የለበሱ፣ ፋይል የታቀፉ ወጣቶች አታጡም። የደብረ ብርሃኖቹን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አብረዋችሁ በነበሩ ሲኒየሮች በኩል ታገኟቸዋላችሁ። አንዱን ብቻ አትጠይቁ፤ ከሁለቱም ግቢ ቢያንስ አንድ ወንድና አንድ ሴት ጠይቁ፤ ስለ ዶርምና ስለ ማታ ላይብረሪ የሚነግሯችሁ ይለያያል። ይህን ሁሉ የምርጫ መሙያው ቀን ከመዘጋቱ በፊት አድርጉት። በመጨረሻዋ ሰዓት ኢንተርኔት ቤት ወረፋ ላይ ቆማችሁ፣ ከኋላ ያለው ሰው «ቶሎ በል» እያለ የምትሞሉት ተራ ቁጥር የአምስት ዓመት ኑሯችሁ ነው። ቅጹን ከላካችሁ በኋላ ደግሞ የማረጋገጫውን ገጽ አሳትማችሁ አስቀምጡ። የሕግ ተማሪ ልትሆኑ ነው፤ ማስረጃ መያዝ ከአሁኑ ልመዱ።